የኋላ በርን በመጥረጊያ እንጨት ማቆም ቁጠባ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድን መኪና ዕድሜ ለማወቅ ሊብሬ ማየት አያስፈልግም። የኋላ በሩ ሲከፈት ማየት ይበቃል። ባለቤቱ በአንድ እጁ በሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ በሌላኛው ከወንበር ሥር እንጨት ይመዛል፣ አንዱን ጫፍ ከበሩ ውስጠኛ ቆርቆሮ ጋር ያስደግፋል፣ ሌላውን ከታች ይተክላል፣ ከዚያ ትንፋሹን ይዞ እጁን ቀስ እያለ ይለቃል። እንጨቱ የመጥረጊያ እጀታ ሊሆን ይችላል፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል፣ አልፎ አልፎም የቧንቧ ብረት ነው። ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እንደ መኪናው ዕቃ የሚንከባከበውም አለ። ያየው ሁሉ ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ዘዴ አያጣም» ይላል።

ዘዴ የሚባለው ችግሩን የሚፈታ ነገር ነው። እንጨቱ ግን ችግሩን አልፈታውም፤ ከባለቤቱ ትከሻ አንስቶ ሌላ ሰው ማጅራት ላይ ነው ያስቀመጠው። እንጨቱን የሚተክለው ሰው ብዙ ጊዜ ከበሩ ሥር የሚጎነበሰው ሰው አይደለም። ከሥር የሚጎነበሰው የሚኒባሱ ረዳት ነው፣ ኩንታል የሚጭነው ተሸካሚ ነው፣ ዘንቢሏን የምታወጣው እናት ናት፣ ኳሱን ፍለጋ እስከ ወገቡ የገባው ሕፃን ነው። እነዚህ ሰዎች እንጨቱ በምን እንደቆመ አያውቁም። የኩንታሉ ጠርዝ ነካ ሲያደርገው፣ የሕፃኑ ክርን ሲገፋው፣ ወይም መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሲነሳና መኪናው ሲወዛወዝ እንጨቱ ይንሸራተታል። በሩ ሲወድቅ አያስጠነቅቅም። መስታወቱ፣ ቆርቆሮው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ሁሉ አብሮ ይወርዳል፤ ከታች ጠርዙ ላይ ደግሞ የመቆለፊያው ብረት አለ። ያ በር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ያየ ብዙ ሰው የለም። በአንድ እጁ ለአንድ ደቂቃ ይዞ ለመቆየት የሞከረ ግን ያውቀዋል።

ዶልፊን በሚባለው ሚኒባስ ላይ ነገሩ ይከፋል። እሱ ላይ የሚነሳው በር ብቻ አይደለም፤ የመኪናው የኋላ ግድግዳ በሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ረዳቱ በዚያ ግድግዳ ሥር ቆሞ በቀን ስንት ጊዜ ሻንጣ እንደሚያስገባና እንደሚያወጣ ለማየት ግማሽ ሰዓት መናኸሪያ መቆም ይበቃል። ልጁ አንገቱን ቀብሮ ይሠራል፤ የመኪናው ባለንብረት ቤቱ ነው፤ እንጨቱን የመረጠው ደግሞ ሹፌሩ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለምንድን ነው? ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ስለደከሙ። ገበያው «የኋላ በር ሾክ» የሚላቸው፣ በሩን ግራና ቀኝ የሚደግፉት ማለት ነው። አሠራራቸው ምሥጢር የለውም። አንድ የታሸገ የብረት ቱቦ አለ፤ ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝና ጥቂት ዘይት ተሞልቷል። ከቱቦው የሚወጣው የተወለወለ ቀጭን ዘንግ ጋዙ ወደ ውጭ ሲገፋው በሩን ያነሳል። በዘንጉና በቱቦው መካከል ጋዙን የሚይዝ ጎሚኒ አለ። ይህ ጎሚኒ ሲያረጅ ጋዙ በጥቂት በጥቂቱ ያመልጣል። በቃ፣ በሽታው ይኸው ነው። ዘንጉ ላይ የዘይት እርጥበትና የተጣበቀ አቧራ ከታየ ጎሚኒው ሥራውን ጨርሷል።

ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተመረተው የመጀመሪያው ቪትዝ ዛሬም የአዲስ አበባን መንገድ ሞልቶታል። ከነዚህ መካከል ትንሹ እንኳ 20 ዓመት ሞልቶታል። ጎሚኒው ቢደክም አይገርምም፤ የሚገርመው እስካሁን የቆየ መኖሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፤ ዋጋውም ወደ ሰማይ ወጥቷል። ከሚሊዮን ብር በላይ የሚጠራበት መኪና የኋላ በሩ በመጥረጊያ እንጨት ቆሞ ማየት እንግዲህ ምን ይባላል? ባለቤቱ ለወንበር ልብስ አውጥቷል፣ ለሙዚቃ ማጫወቻ አውጥቷል፣ ለመስታወት ማጥቆሪያም አውጥቷል። ለሾክ ሲሆን ግን «ኑሮው ከብዷል» ይላል።

«ሲሞቅ ይሠራል» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፣ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። አየሩ ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ሾኩ 5 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ለአዲስ ሾክ ይህ ምንም አይደለም። ቋፍ ላይ ላለ ሾክ ግን የመቆምና የመውደቅ ልዩነት ነው። ድሬዳዋ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ በር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይወርዳል። ቀን 8 ሰዓት ላይ ሰፈር ውስጥ ሲሞከር «ደህና ነው» የተባለው በር፣ ኅዳር ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣ ሲጫን ሌላ በር ነው። በዚያ ሰዓት ከሥሩ ያለው ሰው ደግሞ እጁ በብርድ የደነዘዘ፣ ተሳፋሪ የሚያጣድፈው ሰው ነው።

ለእንጨቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ብልህ የሚመስለው «የፊት ኮፈኑስ በዘንግ አይደል የሚቆመው?» የሚለው ነው። አዎ፣ ብዙ መኪና ላይ በዘንግ ነው። ነገር ግን ያ ዘንግ አንዱ ጫፍ መኪናው ላይ የተሰካ ነው፤ ለሌላው ጫፍ ደግሞ ኮፈኑ ላይ ልኩን ጠብቆ የተሠራ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ቢነኩትም አይወጣም። ከኋላ የሚተከለው እንጨት ማረፊያ ቀዳዳ የለውም። ለስላሳ ቀለም ላይ ነው የተደገፈው፤ የያዘውም ሰበቃ ብቻ ነው። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሰበቃውም የለም።

«ጋዝ ይሞላልኛል» የሚለው ሌላው ነው። አንዳንድ ሠፈር ውስጥ ሾኩን በስቶ፣ ቫልቭ በይዶ፣ ጋዝ ሞልቶ የሚመልስ ባለሙያ ነኝ ባይ አለ። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በሾክ ውስጥ ያለው ግፊት ጎማ ውስጥ ካለው ነፋስ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለዚያ አልተሠራም፤ በዚያ የተሞላ ሾክ በሩን ሳይሆን ራሱንም አያነሳም። ከፍ ያለ ግፊት ያለው መሣሪያ አለኝ የሚልም ቢሆን፣ ያረጀውን ጎሚኒ ሳይቀይር የሞላው ጋዝ በዚያው በቀደመው መንገድ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ብየዳው ነው። ግፊት የነበረበትን ቱቦ በእሳት መንካት፣ ከዚያም ያንኑ የተበየደ ቱቦ መልሶ ማመቅና የሰው ጭንቅላት አጠገብ መስቀል ሥራ አይባልም።

ዘንጉ ላይ ፒንሳ ነክሶ በሩ እንዳይወርድ የሚያደርግም አለ። ፒንሳው ዘንጉን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ዘንግ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ገና ትንሽ ጉልበት የነበረው ሾክ በዚያው ያበቃለታል።

«መካኒኩስ ምን ይብላ?» የሚለው ክርክር ደግሞ ቅን ይመስላል። መካኒክ ፍሬን ይሠራል፣ ፍሪሲዮን ይቀይራል፣ ኩሽኔታ ያወጣል፤ በዚያ ይብላ፣ ይባረክለትም። ጥሩ መካኒክ ለዚህች ሥራ ቀኑን የሚያቋርጥበት ሰው ሲመጣ ደስ አይለውም። ችግሩ ባለ መኪናው ሥራውን ከባድ አድርጎ መገመቱ ነው። ጋራዥ እስኪሄድ ይጠብቃል፣ ጋራዥ የሚሄደው ሌላ ነገር ሲበላሽ ነው፣ ሌላው ነገር ሲበላሽ ብሩ በዚያ ያልቃል፣ ሾኩ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። እንዲህ እየተባለ እንጨቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ሥራው ግን ጋራዥ የሚያስኬድ አልነበረም። አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ አንድ ረዳት ሰውና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ጎማ መቀየር የሚችል ሰው ይህን ይችላል፤ እንዲያውም ጎማ መቀየር ይከብዳል።

ነገሩ የሚበላሸው ከመፍታቱ በፊት፣ ግዢው ላይ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የቪትዝ ሾክ» ያለ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይመለሳል። ብዙ ሾክ ላይ ግን ቁጥር ታትሟል። ከመለዋወጫ ቁጥሩ ሌላ፣ ከኋላው «ኤን» የሚል የላቲን ፊደል የተከተለው ቁጥር የጉልበቱ ልክ ነው፣ በኒውተን። 400 ከተባለ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይገፋል ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ። በሩ ይህን ያህል ሳይመዝን ይህ ሁሉ ጉልበት የሚያስፈልገው ሾኩ የሚይዘው ከማጠፊያው አጠገብ ስለሆነ ነው፤ በር በማጠፊያው በኩል ሲገፋ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቃል። ከልኩ ያነሰ ከተገዛ በሩ በቀዝቃዛ ጠዋት ይወርዳል። «ጠንከር ያለው ይሻላል» ተብሎ የበለጠ ከተገዛ ደግሞ በሩ ሲለቀቅ ተፈናጥሮ የከፋቹን አገጭ ይመታል፣ ሲዘጋ ማጠፊያውንና ቆርቆሮውን ያጣምማል። በትክክል ያልገጠመ በር አቧራና የጭስ ማውጫ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ ልጆች ናቸው።

ከቁጥሩ ሌላ ርዝመቱም ይለካ፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ከአንዱ ማያያዣ መሐል እስከ ሌላው መሐል። ቁጥሩንና ጫፎቹን በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ ይበቃል። አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ግን በሩን ያለ ድጋፍ ቤት ትቶ መሄድ ነው። ያገለገለ ሾክ ርካሽ ነው ብሎ መግዛትም ዋጋ የለውም፤ ከተፈታ አሮጌ መኪና የወጣ ሾክ ያው ያረጀ ጎሚኒ ነው። ሲገዛም ሁለቱ አብረው ይገዙ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ አንዱ ጎን ይገፋል፣ ሌላው ይጎትታል፣ በሩ ይጠማዘዛል። እዚህ ላይ «አንዱ ለጊዜው ይበቃል» የሚል ሻጭ የራሱን ዕቃ እየሸጠ እንኳ ትክክል አይደለም።

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት። በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈት። ሁለተኛው ሰው በሩን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ ስልክም አያነሳም። ያ ሲሰደብ የቆየው እንጨትም ዛሬ ይፈለጋል፤ ከሰውየው በተጨማሪ መጠባበቂያ ሆኖ ይተከል። በሕይወቱ አንድ ቀን በትክክል ቢያገለግል ይኸው ቀን ነው።

መጀመሪያ አንዱ ጎን ብቻ ይነካል። ሁለቱን አንድ ላይ መንቀል የጀማሪ ስህተት ነው። በብዙ መኪና ላይ የሾኩ ጫፍ እንደ ትንሽ ኩባያ ሆኖ የብረት ኳስ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ኩባያውን ከውጭ በኩል ቀጭን የብረት ማቀፊያ ይይዘዋል። የካቻቢቴው ጫፍ ማቀፊያው ሥር ገብቶ በትንሹ ብቻ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከፍ ያደርገዋል። ጨርሶ ማውጣት አያስፈልግም፤ ከወጣ ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ይጠፋል። ማቀፊያው ከፍ እንዳለ ሾኩ ወደ ራስ ሲሳብ ከኳሱ ይወጣል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በ10 ወይም በ12 ቁልፍ በሚፈታ ብሎን የተያዘ ነው፤ እሱ ላይ ካቻቢቴ አያስፈልግም፣ ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ግን በጉልበት ከመሰበሩ በፊት የዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ትንሽ ይጠበቅ።

አዲሱ ሾክ ሲገዛ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው፤ በእጅ አይጨመቅም። ጫፎቹ አልደርስ ካሉ ሾኩ ጋር መታገል ሳይሆን ሁለተኛው ሰው በሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲያደርግ ነው መፍትሔው። ኳሱ ላይ ጥቂት ግሪስ ይቀባ። ዘንጉ ላይ ግን ግሪስም፣ ቀለምም፣ ፒንሳም አይድረስ። አቀማመጡ አሮጌው እንደነበረው ይሁን፤ በአብዛኛው በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች፣ ወፍራሙ ቱቦ ወደ ላይ ነው። ይህ ለውበት አይደለም። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ጎሚኒውን እንዲያረጥበው ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ሾክ ጎሚኒው እየደረቀ ከጊዜው በፊት ይሞታል፤ «ቻይና ስለሆነ ነው» ተብሎም ይሰደባል። ጫፉ ኳሱ ላይ ሲገፋ «ቀጭ» ይላል። ከዚያ በኋላ በእጅ ተስቦ አለመውጣቱ ይረጋገጥ። ያኔ ሌላው ጎን ይቀጥላል። ሁለቱ ሲያልቁ በሩ መጀመሪያ በእጅ ተይዞ ቀስ ብሎ ይዘጋ፣ የሚጋጭ ነገር አለመኖሩ ይታይ፣ ከዚያ ይከፈት።

ይህ የማይመለከታቸውም አሉ። ብዙዎቹ የድሮ ሴዳን መኪኖች የኋላ ኮፈናቸውን የሚያነሱት በተጠማዘዘ የብረት ዘንግ እንጂ በጋዝ አይደለም፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው። በቁልፍ ተጭኖ በሞተር የሚከፈተው የአዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርም እንዲሁ፤ ሾክ የሚመስለው ነገር ውስጡ ሞተርና ሽቦ አለበት፣ ለሚያውቀው ይተው። ማጠፊያው ራሱ የበሰበሰ መኪናም መጀመሪያ ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ይሂድ። ጋቢና ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ተጨማሪ ነገር የተገጠመበት፣ ለምሳሌ ትልቅ ክንፍ የተለጠፈበት በር ደግሞ ክብደቱ ስለተለወጠ የፋብሪካው ሾክ ላይበቃው ይችላል። ለቀሩት ሁሉ ግን ምክንያት የለም።

በተለይ ለባለ ሚኒባስ ምክንያት የለም። የግል መኪና ባለቤት ቢያንስ የራሱን ማጅራት ነው አልፎ አልፎ የሚያሲዘው። ባለ ሚኒባሱ የሚያሲዘው በቀን ክፍያ የሚሠራ ልጅን ነው። ልጁ «እንጨቱ ያንሸራትታል» ብሎ ቢናገር «ጥንቃቄ አድርግ» ይባላል፤ ደግሞ ቢናገር ሥራውን ያጣል። አንድ ቀን በሩ ይወርድበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ በማግስቱ ሁለት አዲስ ሾክ ይገዛል። ያው ሾክ ባለፈው ሳምንትም ሱቁ ውስጥ ነበር።

የወጡት አሮጌ ሾኮች ጉዳይም አለ፤ እዚህም ያው አደጋን ለሌላ የማስተላለፍ ልማድ ይታያል። ብዙዎች ግቢው ጥግ ይጥሏቸዋል፣ ከዚያ ቆራሌው ሲያልፍ በኪሎ ይሸጣሉ። በሩን ማንሳት ያቃተው ሾክ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ ገና የታመቀ ጋዝ ሊኖር ይችላል። በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ፣ ይልቁንም ከሌላ ብረት ጋር እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ቆራሌው ይህን ላያውቅ ይችላል፣ ብረት አቅላጩም ጆንያውን ከፍቶ አያይም። ስለዚህ ለብቻው ታስሮ ሲሰጥ በአፍ ይነገረው፤ ይህ አይቆረጥም፣ አይቀጠቀጥም፣ እሳት አይነካውም፣ ለሚረከብህም ንገረው። ካልተግባቡ አይሸጥለት፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።